ካርዱ ታገደ፣ ደኩ ግን አሁንም ያሸንፋል፦ የእገዳና የገደብ ዝርዝር ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ይህ ጽሑፍ በመሰብሰቢያ ካርድ ጨዋታዎች ለውድድር ፎርማት (የትኞቹ ካርዶች እንደሚፈቀዱ በሚለየው የውድድር ዓይነት) የእገዳ ዝርዝር ለሚያወጡ ሰዎች ነው። የደክ (ተጫዋቹ ይዞት የሚገባው የካርድ ጥቅል) መጠን፣ የቅጂ ጣሪያና የተጠባባቂ ካርድ (በጨዋታዎች መካከል ወደ ደኩ የሚገባ) ብዛት የታወቁ ስለሆኑ አንገባባቸውም። ቃላቱን ግን እንለይ፦ «እገዳ» ዜሮ ቅጂ፣ «ገደብ» አንድ ቅጂ፣ «ከፊል ገደብ» ሁለት ቅጂ ነው። ዩጊዮ በሦስቱም ይሠራል። ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ በወረቀት ካርድ ገደብ የሚጥለው ቪንቴጅ በሚባለው ፎርማት ነው።

ምልክት፦ «ይህ ደክ አላጫውት አለን» የሚል ጩኸት በዛ

ጩኸት ማስረጃ አይደለም። መጀመሪያ ቁጥሩን ይዩ፤ ቁጥሩም ትንሽ ከሆነ አይመኑት። ከ100 ግጥሚያ 55ቱን ያሸነፈ ደክ እውነተኛ አቅሙ ከ45 እስከ 65 በመቶ ባለው ውስጥ የትም ሊሆን ይችላል። በ400 ግጥሚያ ስህተቱ ወደ 5 ነጥብ፣ በ1,000 ወደ 3 ነጥብ ይወርዳል። አንድ ዓይነት ደክ ከራሱ ጋር የገጠመበትን ግጥሚያ ከስሌቱ ያውጡ፤ እዚያ አንዱ ሲያሸንፍ ሌላው ይሸነፋልና ውጤቱን ወደ 50 እየጎተተ እውነቱን ይሸፍናል። ይህን ሳያደርጉ «52 በመቶ ብቻ ነው፣ ጤነኛ ነው» ብሎ ማወጅ ትልቅ ግዴለሽነት ነው።

ከዚያ ሁለቱን ቁጥሮች፣ የተጫዋች ድርሻንና የማሸነፍ መቶኛን፣ ለይተው ያንብቡ። ከተወዳዳሪው 30 በመቶ ይዞት 49 በመቶ የሚያሸንፍ ደክ የተወደደ እንጂ የተበላሸ አይደለም። እውነተኛው የሕመም ምልክት ሌላ ነው፦ ሰው ከ15 ተጠባባቂ ካርዶቹ 6 ወይም 7ቱን ለአንድ ደክ ብሎ መድቦም ያ ደክ ማሸነፉን ካላቆመ፣ ጨዋታው ራሱን በራሱ ማረም አቅቶታል ማለት ነው።

ምልክት፦ ካርድ ታገደ፣ ደኩ ግን ቆሞ ይሄዳል

ደጋግሞ የሚመጣው ችግር ይህ ነው። ምክንያቱም ሁልጊዜ ማለት ይቻላል አንድ ነው፦ የታገደው ሰው ያማረረበት ካርድ እንጂ ደኩን የሚያንቀሳቅሰው ካርድ አይደለም።

የማንኛውም ጠንካራ ደክ ካርዶች በሦስት ሥራ ይከፈላሉ። «ሞተር» ካርድ ወይም ሀብት በነጻ ወይም በርካሽ የሚያመርተው ነው። «ፈላጊ» ሞተሩን ከደኩ ውስጥ አውጥቶ የሚያመጣው ነው። «ጨራሽ» ደግሞ ጨዋታውን የሚዘጋው ነው። ተሸናፊ የሚያስታውሰው ጨራሹን ነው፤ የመጨረሻው ምት ያረፈበት በእሱ ነዋ። ጨራሽ ግን ምትክ አያጣም። ሞተሩ እስካለ ድረስ በማግስቱ ሌላ ጨራሽ ይሰካበታል።

የ2019ኙን የማጂክ ሞደርን ፎርማት ይመልከቱ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሆጋክ 8/8 (ጉልበቱ 8፣ ጽናቱ 8) ፍጡር ነው፤ ማና (ካርድ ለመጫወት የሚከፈለው ሀብት) ሊከፈልበት አይችልም፣ ዋጋው የሚሸፈነው ፍጡሮችን በማዘንበል (ካርዱን ወደ ጎን በማዞር) እና ከመቃብር (ያገለገሉና የተጣሉ ካርዶች ክምር) ካርድ በማውጣት ነው፣ ከመቃብር ራሱም ተመልሶ ይጠራል። ሐምሌ ላይ የታገደው ግን እሱ ሳይሆን ብሪጅ ፍሮም ቢሎው ነበር፤ ፍጡር በሞተ ቁጥር ዞምቢ የሚያስገኝ ካርድ ነው። ደኩ ብሪጁን አውጥቶ ሌላ ካርድ ተካና መንገዱን ቀጠለ። ሆጋክ ራሱ የታገደው ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነው፤ አብሮትም ፌዝለስ ሉቲንግ ሄደ፣ ሁለት ስቦ ሁለት እየጣለ መቃብሩን የሚሞላው ካርድ። በመካከሉ ያለፉት ሰባት ሳምንታት ለተጫዋቾች የባከነ ወቅት ነበሩ።

ከዚያ በፊትም ስታንዳርድ ፎርማት ተመሳሳይ ዋጋ ከፍሏል። በ2004 ሰኔ ስከልክላምፕ ታገደ። ያ እገዳ ትክክል ነበር፦ ዕቃው ለያዘው ፍጡር +1/-1 ስለሚሰጥ ባለ 1/1 ፍጡር ወዲያው ይሞታል፣ ሲሞት ሁለት ካርድ ያስስባል። አንድ ማና ከፍሎ ሁለት ካርድ መሳብ ማለት ነው። ግን በአፊኒቲ ደክ ውስጥ ሌላም ሞተር ነበር፦ አርቲፋክት (የዕቃ ዓይነት ካርድ) የሆኑት መሬቶች፣ ማለትም ማና የሚሰጡ ካርዶች። የአፊኒቲ ካርድ ዋጋው በአርቲፋክት ብዛት ይቀንሳል፤ መሬቱ ራሱ አርቲፋክት ሲሆን ቅናሹ ያለ ምንም ወጪ ይመጣል። በመጨረሻ በ2005 መጋቢት ስምንት ካርዶች በአንድ ጊዜ ታገዱ፦ ስድስቱ መሬቶች፣ አርክባውንድ ራቬጀርና ዲሳይፕል ኦፍ ዘ ቮልት።

ስም ዝርዝሩ ላይ ከማስፈርዎ በፊት እንዲህ ያድርጉ፦

1. ጥሩ ውጤት ያመጡ 10 የደኩን ዝርዝሮች ይሰብስቡ። በሁሉም ላይ በሙሉ ቅጂ የሚገኙትን ካርዶች ብቻ ያስቀሩ። ጨራሹ ከአንዱ ዝርዝር ወደ ሌላው ሲቀያየር ያያሉ፤ ሞተሩ አይቀየርም።
2. ለእያንዳንዱ ተጠርጣሪ የቅርብ ምትኩን ይጻፉ። ምትኩ ያንኑ ሥራ አንድ ማና ብቻ ጨምሮ የሚሠራ ከሆነ ያ ካርድ አይታገድ።
3. ተጠርጣሪውን አውጥተው፣ ምትኩን አስገብተው 40 ያህል ጨዋታ ይጫወቱ። በ40 ጨዋታ የማሸነፍ መቶኛ መለካት አይቻልም፤ አይሞክሩት። የሚለካው ደኩ በስንተኛው ተራ እንደሚያሸንፍ ነው። በፊት በ4ኛው ተራ ይጨርስ ከነበረ፣ ካርዱ ከወጣ በኋላም በ4ኛው ከጨረሰ፣ ያወጡት ሞተሩን አይደለም።
4. የካርዱን ጽሑፍ ቃል በቃል ያንብቡ። ከትዝታ የሚያግድ ሰው ይሳሳታል። በተለይ «ዋጋ ሳይከፍል»፣ «ከመቃብር» እና «በእያንዳንዱ ጊዜ» የሚሉት ላይ ይቁሙ። «በተራ አንድ ጊዜ» የሚል ልጓም የሌለው ካርድ ዋናው ተጠርጣሪ ነው።

ጥንቃቄ፦ ሁለት ካርዶች አብረው ብቻ የሚያጠፉ ከሆነ ሁለቱንም አያግዱ። ለብቻው ሌላ ሥራ የሌለውን ይውሰዱ፣ በሌሎች ደኮች የሚያገለግለውን ይተዉ።

ጥንቃቄ፦ «ለጥንቃቄ» እያሉ ከአንድ ደክ አምስት ካርድ መንቀል ደኩን መግደል እንጂ ማስተካከል አይደለም፤ ሌሎች ንጹሓን ደኮችም አብረው ይወድቃሉ።

ምልክት፦ ገደብ ተጣለ፣ ጨዋታው ዕጣ ሆነ

በ60 ካርድ ደክ 4 ቅጂ ያለው ካርድ በመጀመሪያዎቹ 7 ካርዶች ውስጥ የመገኘት ዕድሉ 40 በመቶ ገደማ ነው። ወደ አንድ ቅጂ ሲወርድ 11.7 በመቶ ይሆናል። በ40 ካርድ ደክና በ5 ካርድ መነሻ እጅ ደግሞ ከ3 ወደ 1 ቅጂ ሲወርድ ከ33.8 ወደ 12.5 በመቶ ይቀንሳል። ዕድሉ ወረደ እንጂ የካርዱ ጉልበት አልወረደም። ቀድሞ ያገኘው ያሸንፋል፣ ያላገኘው ይሸነፋል። ስለዚህ ገደብ የሚጠቅመው ብዛቱ ለሚጎዳ ካርድ ነው። አንዱ ብቻ ጨዋታ የሚያጠፋ ከሆነ ማገድ ይሻላል።

ፈላጊ ካርድ በሞላበት ፎርማት ገደብ ከወረቀት አያልፍም፤ አንዷን ቅጂ ፈልጎ የሚያመጣ አራት ካርድ ካለ ያው አራት ቅጂ እንዳለ ነው። በመጀመሪያ ፈላጊውን ይገድቡ።

ገደብ ጭራሽ የማይሠራበትም አለ። ሉረስ የሚባለው ካርድ በ2020 ሲወጣ ጨዋታውን ከደኩ ውጭ ሆኖ ስለሚጀምር አንድ ቅጂው ይበቃ ነበር፣ መሳብም አያስፈልገውም። ወደ አንድ መገደብ ምንም ስለማይለውጥ ግንቦት ላይ ከቪንቴጅ ጨርሶ ታገደ። ሰኔ ላይ ሕጉ ራሱ ተለወጠ፦ እንዲህ ዓይነት ካርድ ወደ እጅ ለማምጣት ሦስት ማና መክፈል ግድ ሆነ። ብልሽቱ ሕጉ ውስጥ ሲሆን የካርድ ስም እየለቀሙ ከማገድ ሕጉን ማረም ይሻላል።

ምልክት፦ ዙሩ በሰዓቱ አያልቅም

እዚህ የማሸነፍ መቶኛ አይታይም፤ ሰዓት ይታያል። ደጋግሞ የሚያደባልቅ ወይም የደክ አናት የሚያገላብጥ ካርድ ይፈልጉ። ሴንሴይስ ዲቫይኒንግ ቶፕ በ2017 ሌጋሲ ከሚባለው የማጂክ ፎርማት ሲታገድ አንዱ ምክንያት ይህ ነበር።

ምልክት፦ አንዱ ታገደ፣ ሌላው ነገሠ

የታገደው ደክ ሌላውን ሲይዝ የነበረ ነው። ከእገዳው በፊት «ይህ ደክ ማንን ያሸንፍ ነበር?» ብለው የግጥሚያ ሠንጠረዡን ይዩ።

ምልክት፦ ማስታወቂያው ወጣ፣ ማንም አላመነውም

በ2017 ሚያዝያ 24 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) በማጂክ ስታንዳርድ ለውጥ የለም ተባለ። ሚያዝያ 26 ቀን ፌሊዳር ጋርዲያን የሚባለው ካርድ ታገደ፤ አዲሱ የካርድ ስብስብ ከወጣ በኋላ የተገኘው የኦንላይን ጨዋታ መረጃ ነበር ውሳኔውን ያስለወጠው። በዚያች ሁለት ቀን ውስጥ ደኩን የገዛ ሰው አለ። አዲስ ስብስብ ሊወጣ ሲል ውሳኔ አያስታውቁ፤ መረጃው ይምጣና ከዚያ ይናገሩ። ዝርዝሩ ላይ የካርዱ ሙሉ ስም፣ እገዳው የሚጸናበት ቀንና ምክንያቱ ይኑሩ። የቅጽል ስም ብቻ የተጻፈበት ዝርዝር ዳኛውን ከተጫዋቹ ያጣላል።

ምልክት፦ ከእገዳ የተፈታ ካርድ እንደገና አስቸገረ

ጎልጋሪ ግሬቭ ትሮል በ2015 ጥር በሞደርን ተፈቀደ፣ በ2017 ጥር ተመልሶ ታገደ። በመካከሉ መቃብር የሚሞሉና ከመቃብር የሚጠቀሙ ካርዶች ታትመዋል። አንድ ካርድ ሲፈቱ በዚያው ቀን ሌላ አይፍቱ፤ ከዚያም በእያንዳንዱ አዲስ ስብስብ መውጫ ላይ ከእሱ ጋር የሚጋጠሙትን ካርዶች እየለዩ ይፈትሹ።