ዮጋ ለተጨነቀ ልብ፦ የቱን ዓይነት፣ መቼ፣ እንዴት?

ደብረ ማርቆስ ላይ የክረምት ሌሊት የሚረዝም ይመስላል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ሐሳብ ይመጣል፣ እንቅልፍ ይሸሻል። ለእንዲህ ያለው ጊዜ ዮጋ ሊረዳ ይችላል። ግን ዮጋ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። መጀመሪያ ራሳችሁን ጠይቁ፦ ልቤ እየሮጠ ነው ወይስ ሰውነቴ ከብዶኛል?

ውድ ምንጣፍ አያስፈልግም። ሰሌን ላይ ጋቢ አጥፋችሁ አንጥፉ። ከበላችሁ 2 ሰዓት ይለፍ። ጾም ላይ ሆናችሁ ካዞራችሁ እንቅስቃሴውን ተዉትና መተንፈሱን ብቻ ሥሩ።

ልባችሁ የሚሮጥ ከሆነ ሃታ ዮጋን ምረጡ፤ ዝግ ያለ ነው። ተንበርከኩ፣ ተረከዛችሁ ላይ ተቀመጡ፣ ጎንበስ ብላችሁ ግንባራችሁን ጋቢው ላይ አሳርፉ። በአፍንጫ 4 እስክትቆጥሩ አየር ሳቡ፣ 6 እስክትቆጥሩ አውጡ። ዋናው ነገር ማውጣቱ ነው። ትንፋሽ ሲወጣ የልብ ምት ረገብ ይላል፤ ማውጣቱን ስታስረዝሙት ሰውነት እየተረጋጋ ይሄዳል። 5 ደቂቃ ቆዩ። ቆጠራው ካስጨነቃችሁ 3 እና 4 አድርጉት።

ዮጋ ህንድ ውስጥ ከመንፈሳዊ ልምምድ ጋር አብሮ ያደገ ነው። እዚህ የምላችሁ እንቅስቃሴውንና አተነፋፈሱን ብቻ ነው። አሁንም ቅር ካላችሁ የንስሐ አባታችሁን አማክሩ። ልባችሁ እየተከራከረ ብትሠሩት እረፍት አይሰጣችሁም።

ድብርት ሲጫን ደግሞ ተቃራኒው ነው፦ መንቀሳቀስ። ቪንያሳ ትንፋሽን እየተከተሉ ከአንዱ አቋም ወደ ሌላው ሳያቋርጡ የሚሄዱበት ነው። ባሕር ዳር ያላችሁ ፀሐይዋ ሳትከር ጣና ዳር ሞክሩት። 10 ደቂቃ ለጀማሪ በቂ ነው።

እንቅልፍ እምቢ ሲል፣ ሪስቶሬቲቭ የሚባለው፣ ሰውነትን የሚያሳርፍ ዮጋ አለ። ጀርባችሁ ላይ ተኙ፣ እግራችሁን ግድግዳ ላይ ስቀሉ፣ ሌላ ጋቢ ልበሱና 10 ደቂቃ ዝም በሉ። ነፍሰ ጡሮች፣ ግላኮማ የሚባለው የዓይን ሕመም ወይም የደም ግፊት ያለባችሁ ግን ሐኪም ሳትጠይቁ እንዳትሞክሩት።

አንድ ነገር አደራ። ክፉ ነገር ላየ ሰው ዓይን ጨፍኖ መተኛት ያንን ትዝታ ሊቀሰቅስበት ይችላል። እንዲህ ከሆነባችሁ ዓይናችሁን ክፈቱ፣ ጀርባችሁን ለግድግዳ ሰጥታችሁ ተቀመጡ፣ በሩን እያያችሁ ተንፍሱ። ካልተሻላችሁ አቁሙ። ድብርቱ 2 ሳምንት ካለፈው ወይም መኖር ካስጠላችሁ ለምታምኑት ሰው ንገሩና ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። የጀመራችሁት መድኃኒት ካለም ዮጋ ጀመርኩ ብላችሁ አታቋርጡት።