ቪታራ ወይስ ዩዋን ፕላስ? ሁለት ትንንሽ ኤስዩቪዎችን ከመግዛት በፊት እንዴት ማወዳደር ይቻላል

እህቴ መኪና ልትገዛ ስትነሳ ሁለት ምርጫ ይዛ መጣች። አንዷ ያገለገለች ሱዙኪ ቪታራ ናት፤ 1.6 ቤንዚን፣ ኦቶማቲክ። ሌላዋ የቻይናው ቢዋይዲ ኩባንያ ዩዋን ፕላስ፣ ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሪክ የምትሄድ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለተከለከለ፣ ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ሰው የሚቸገረው በዚሁ ምርጫ ነው። አገር ውስጥ ያለችውን የነዳጅ መኪና ልግዛ ወይስ ወደ ኤሌክትሪክ ልሂድ?

ለእህቴ የነገርኳትን ለእናንተም ልንገራችሁ። ሁለቱን መኪኖች በአንድ ቀን፣ በአንድ መንገድ፣ በአንድ ጭነት ንዷቸው። ይህን የተማርኩት ከኪሴ ከፍዬ ነው። የመጀመሪያ መኪናዬን የሞከርኩት ብቻዬን፣ ቦሌ መንገድ ሜዳው ላይ ነበር። በሳምንቱ እናቴንና ሁለት አክስቶቼን ይዤ ወደ እንጦጦ ማርያም ስወጣ፣ ገና ሽሮ ሜዳን እንዳለፍን የሙቀት መለኪያው ቀዩ ላይ ደረሰ። አክስቶቼ ነጠላቸውን አጣፍተው ዳገቱን በእግራቸው ወጡት። ያን ቀን የተሰማኝን ማንም እንዲሰማው አልፈልግም።

መጀመሪያ ያለፈውን ሳምንት ጻፉ

ወረቀት አውጡ። የት የት ሄዳችሁ? ስንት ሰው ይዛችሁ? መኪናዋ የት ታድራለች? እህቴ የምትኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ 3ኛ ፎቅ ነው። ሥራዋ ሜክሲኮ፣ የልጆቿ ትምህርት ቤት ስድስት ኪሎ፣ እሁድ እሁድ ደግሞ እማዬ ጋ ሽሮ ሜዳ። ቢበዛ በቀን 30 ኪሎ ሜትር ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ ደሴ ትሄዳለች። ይቺ ግማሽ ገጽ ከየትኛውም ደላላ ወሬ ትሻላለች፤ ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ የሚለካው በእሷ ነው።

ቁጥሩን ወደ ራሳችሁ ኑሮ መልሱት

ቪታራ ርዝመቷ 4.17 ሜትር፣ ስፋቷ 1.77 ነው። ዩዋን ፕላስ 4.45 በ1.87 ናት። የስፋቱ ልዩነት 10 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ግን የቆመች መኪና አጠገብ ገብታችሁ በር ስትከፍቱ ይታወቃችኋል። ሁለቱንም መስቀል አደባባይ ሥር ያለው ፓርኪንግ አስገብታችሁ ሞክሩ።

ቀጥሎ ከፍታውን አስቡ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ (አየር አምቆ ወደ ሞተር የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው የቤንዚን ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛውን ወይም ከዚያ በላይ እዚሁ ያጣል። የቪታራ 1.6 ሞተር በወረቀት ወደ 117 የፈረስ ጉልበት ነው፤ እኛ ጋ ግን ወደ 90 ይወርዳል። የኤሌክትሪክ ሞተር ለመሥራት አየር አይፈልግም። የዩዋን ፕላስ 204 የፈረስ ጉልበት ፒያሳም ላይ 204 ነው።

ለኤሌክትሪኳም የምትጠነቀቁለት ቁጥር አለ። ለቻይና ገበያ የተሠራችው፣ ትልቁን 60 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ የያዘችው፣ "510 ኪሎ ሜትር" ትባላለች። ይህ የቻይና መለኪያ ነው። ያው ባትሪ በአውሮፓ መለኪያ 420 ነው። ደሴ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ መሀል ላይ ደግሞ የጣርማ በር ዳገት አለ። ስለዚህ እህቴ ወረቀቷ ላይ "ደሴ፦ መንገድ ላይ የት ልሞላ?" ብላ ጻፈች።

በማለዳ ሂዱ

ያገለገለች የቤንዚን መኪና የምትታየው ጠዋት 1 ሰዓት ላይ፣ ሞተሯ ሳይነሳ ነው። ስትደርሱ እጃችሁን ኮፈኑ ላይ አድርጉ። ሞቆ ካገኛችሁት ሻጩ ቀድሞ አስነስቷታል ማለት ነው፤ ለምን እንደሆነ ጠይቁ፣ ካልተመቻችሁ በሌላ ቀን ተመለሱ። ከዚያ እሱ ያስነሳ፣ እናንተ ከኋላ ቁሙ። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ይናገራል። ነጭ ጭስ ጠዋት ትንሽ ወጥቶ ቢጠፋ ብርዱ ነው፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ካልጠፋ የራዲያተር ውሃ ወደ ሞተር እየገባ ሊሆን ይችላል። ትንሽ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልላችሁ በሮቹ ላይ አስኪዱ። ተጋጭታ ስቱኮ የተለሰነበት ቦታ ካለ ማግኔቱ እዚያ አይዝም።

ያገለገለች የኤሌክትሪክ መኪና ከሆነች ደግሞ ባትሪው ምን ያህል አቅም እንደቀረው በኮምፒውተር ይነበብ። "አዲስ ነች እኮ" የሚል መልስ አይበቃም።

ቸርችልን ውጡ

የምወደው ፈተና ይሄ ነው። ከለገሃር ተነሱና በብሔራዊ ቴአትር፣ በፖስታ ቤት አድርጋችሁ እስከ ማዘጋጃ ቤት ውጡ። መኪናዋ ላይ ሁልጊዜ የምትይዟቸው ሰዎች ሁሉ ይኑሩ። ዳገቱ መሀል አንድ ጊዜ ቁሙና እንደገና ተነሱ፤ ወደ ኋላ ትንሸራተታለች? ካምቢዮው ያመነታል? ሞተሩ ሳይጮህ ፍጥነት ይጨምራል? ስትመለሱ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑን አዳምጡ። ቪታራ አራት ሰው ይዛ ወጣች፤ ግን ጮኸች። ዩዋን ፕላስ ጭነት እንዳለባትም አታስታውቅ።

እህቴ እዚያው ልትወስን ነበር። ከዚያ እማዬ ትግባ አልን። እማዬ ጉልበቷን ያማታል። ዩዋን ፕላስ ውስጥ ከገባች በኋላ ወለሉ ከፍ ስላለባት ጉልበቷ ወደ ላይ ታጥፎ ተቀመጠች። ባትሪው ከወለሉ ሥር ስለሆነ ነው። ቪታራ ጋ የበሩን መያዣ በግራ እጇ ያዘች፣ ዘወር አለችና ቁጭ አለች። እግሯንም ራሷ ሳበችው። "ይቺ ትመቻለች፣ ማንንም አላስቸገርኩም" አለች። ይህን ምንም ወረቀት አይነግራችሁም። አያት፣ ነፍሰ ጡር ወይም ሕፃን የሚይዝ ሰው በቤታችሁ ካለ ይዛችሁት ሂዱ፤ ሦስት ጊዜ ግባ ውጣ በሉት።

ሌሊት የት ትሞላለች?

ኤሌክትሪክ ለማንም አይሆንም ማለቴ አይደለም፤ ግቢ ላለው ሰው እንዲያውም እኔ ራሴ ግዙ እላለሁ። ሒሳቡ ቀላል ነው። 220 ቮልት፣ 10 አምፔር ያለው ተራ ሶኬት በሰዓት 2.2 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሰጣል። በዚህ ባዶ ባትሪ ለመሙላት ከአንድ ቀን በላይ ይፈጃል፤ ለ30 ኪሎ ሜትር የዕለት ጉዞ ግን ሁለት ሰዓት ተኩል ይበቃል። ስለዚህ ጥያቄው መኪናዋ በምትቆምበት ቦታ በራሳችሁ ቆጣሪ ላይ ያለ ሶኬት አለ ወይ ነው። የእህቴ ቆጣሪ የ3ኛ ፎቅ ቤቷ ነው፤ መኪናዋ የምትቆመው በጋራው ግቢ ነው። ከጎረቤቶቿ ጋር ተነጋገረች፣ ኮሚቴውንም ጠየቀች። መስመር መሳብ አልተፈቀደላትም።

የቻይና ገበያ መኪና ስታዩ ሌላም ጠይቁ። የስክሪኑ ቋንቋ ይቀየራል? የመሙያዋ ሶኬት በምታልፉበት ጣቢያ ካለው ጋር ይገጥማል? ተቀያሪ ጎማ አላት? ዋስትናውን እዚህ አገር የሚያከብረው ማን ነው? የመጨረሻውን በጽሑፍ ተቀበሉ።

መለዋወጫም በስልክ አይጠየቅ። አንድ ከሰዓት ሶማሌ ተራ ሂዱና የሁለቱንም የፊት መብራት፣ ስፖኪዮና ፓራውልት ዋጋ ጠይቁ። በከተማ መንገድ ቶሎ የሚሰበሩት እነሱ ናቸው።

በመጨረሻ ሊብሬው

የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር በዓይናችሁ አመሳክሩ። ዕዳና ዕገዳ እንደሌለባት መኪናዋ ከተመዘገበችበት ጽሕፈት ቤት አረጋግጡ። ውሉ በሰነዶች ማረጋገጫ ይፈረም። "ስሙ በኋላ ይዛወራል፣ ለጊዜው ውክልና እሰጥሻለሁ" የሚል ሻጭ ይኖራል። ወካዩ ከሞተ ውክልናው ይቆማል፤ መኪናዋ በእሱ ስም ናት፣ ወራሾቹ ጋ ነው የምትሄዱት።

እህቴ ቪታራዋን መረጠች። ሻጩ ክፍለ ሀገር ስለነበር ወንድሙ በውክልና ልጨርስልሽ አላት። እሷ ግን ባለቤቱ ራሱ መጥቶ እስኪፈርም ሁለት ሳምንት ጠበቀች፤ እስከዚያ ድረስ ልጆቿን በታክሲ እያመላለሰች።