ፎርስ ላይ የምትሰናከሉት የት ጋ ነው?

ኤፍ (ፎርስ፣ ማለትም ግፊት ወይም ጉተታ) እኩል ይሆናል ኤም (ማስ፣ የቁሱ መጠን) ሲባዛ በኤ (አክስለሬሽን፣ ፍጥነት የሚለወጥበት ልክ)። ይህን የማይሸመድድ የ9ኛ ክፍል ተማሪ የለም። ጥያቄው ሲመጣ ግን መደናበር ነው። ልጆች ሳስጠና የማያቸው ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመጡት «ማን ማንን ነው የሚገፋው?» ብሎ ካለመጠየቅ ነው።

ችግር፦ «ፈረሱ ጋሪውን በጎተተው ልክ ጋሪውም ፈረሱን ይጎትተዋል። ታዲያ ከተጣፉ ጋሪው በምን ሄደ?»

ይህን የሚጠይቅ ልጅ ደስ ይለኛል፤ የኒውተንን ሦስተኛ ሕግ ከምር አስቦበታል።

ምክንያቱ፦ ሁለቱ ፎርሶች እኩልና ተቃራኒ ናቸው። ግን አንዱ ያረፈው ጋሪው ላይ፣ ሌላው ፈረሱ ላይ ነው። የእኔ ዕዳ ከአንተ ደብተር አይሰረዝም አይደል?

መፍትሄ፦ ጋሪውን ለብቻው ሳሉት። ወደፊት የፈረሱ ጉተታ፣ ወደኋላ ሰበቃ (ፍሪክሽን፣ ሲነካኩ የሚይዘው ፎርስ) አለ። ጉተታው ከበለጠ ጋሪው ይነሳል፤ በቃ። ቀጥሎ ፈረሱን ሳሉ። ጋሪው ወደኋላ ይዞታል። ወደፊት የሚገፋውስ? መሬቱ! ፈረሱ በኮቴው መሬቱን ወደኋላ ይገፋል፤ መሬቱም ፈረሱን ወደፊት። ክረምት ላይ ጭቃ ውስጥ ኮቴው እየተንሸራተተ የቀረ ፈረስ አይታችሁ ይሆናል። ጉልበት አላነሰውም፤ ያጣው መልሶ የሚገፋው መሬት ነው።

ችግር፦ ያልተንቀሳቀሰ ሳጥን ላይ የሰበቃው መልስ ይሳሳታል።

20 ኪሎ ሳጥን ሜዳ ወለል ላይ በ60 ኒውተን ወደ ጎን ተገፋ፤ ንቅንቅ አላለም። የስታቲክ ፍሪክሽን ኮኤፊሸንቱ (የቆመን ነገር የሚይዘው ሰበቃ እዚህ ሜዳ ላይ ከክብደቱ ቢበዛ ስንት እጅ እንደሚሆን የሚነግረው ቁጥር) 0.5፣ ጂ (የስበት አክስለሬሽን) 10 ነው። ተማሪው 0.5 በ200 (በሳጥኑ ክብደት፣ 20 ሲባዛ በ10) ያባዛና «100 ኒውተን» ይላል። እንዲያ ከሆነማ ሳጥኑ በ40 ኒውተን ተነስቶ ገፊውን ሊያባርረው ነው! 100 ሰበቃው ሊደርስበት የሚችለው ጣሪያ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ጣሪያውን አስሉ። ግፊቱ ከዚያ በታች ከሆነ ሰበቃው ልክ የግፊቱን ያህል ነው፤ እዚህ ላይ 60።

ችግር፦ ሽቅብ የተወረወረ ኳስ ላይ ወደላይ የሚያሳይ የፎርስ ቀስት መሳል።

የሚሄድ ነገር ሁሉ ገፊ አለው ብሎ ማሰብ የቆየ ስህተት ነው። አርስቶትልም ሳይቀር የተወረወረን ነገር አየሩ እየገፋ ይወስደዋል ብሎ ነበር። መፍትሄው ቀላል ነው፦ በየቀስቱ ስር የገፊውን ስም ጻፉ፤ ስም ያጣውን ቀስት ሰርዙ። እጅ ከኳሱ ተለያይቷል። አየሩን ከተውነው የቀረው የመሬት ስበት ብቻ ነው፤ ሲወጣም፣ ጫፍ ላይም፣ ሲወርድም ያው።

ሚኒባስ ድንገት ፍሬን ሲይዝም ወደፊት የገፋችሁን አትፈልጉ። ታክሲው ቆመ፤ እናንተ ጉዞ ቀጠላችሁ። ኢነርሺያ የሚባለው ይሄ ነው።

ኪሎና ኒውተን ለሚምታታበት ደግሞ፦ ኪሎ የማስ፣ ኒውተን የክብደት መለኪያ ነው። 50 ኪሎ ጤፍ ምድር ላይ (ጂን 9.8 ካልን) 490 ኒውተን ይከብዳል፤ ጨረቃ ላይ ወደ 80 ገደማ። ኪሎው ሁለቱም ጋ 50 ነው። የሚወጣው እንጀራም ያው።