«ባክአፑ ቆሟል» ከማለታችሁ በፊት፦ አዲስ ኮምፒውተር ላይ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ሰው አዲስ ላፕቶፕ በገዛ በሳምንቱ ይዞልኝ የሚመጣው ቅሬታ አንድ ዓይነት ነው፦ «በአሮጌው አሥር ደቂቃ ይፈጅ የነበረ ባክአፕ እዚህኛው ላይ አድሮም 12 ፐርሰንት ነው።» ላፕቶፑ ጤነኛ ነው። ባክአፕ ማለት ፋይሎቻችሁን ለክፉ ቀን ሌላ ቦታ፣ ለምሳሌ በኬብል በሚሰካ ውጫዊ ዲስክ ላይ፣ መገልበጥ ነው። በአሮጌው ላይ ፕሮግራሙ ይገለብጥ የነበረው ከትናንት ወዲህ የተቀየረውን ብቻ ነው። አዲሱን ማሽን ግን ገና አያውቀውም፤ ስለዚህ ሁሉንም ፋይል ከሀ ብሎ ይጀምራል። የመጀመሪያው ዙር ረጅም ነው፤ ቀጣዮቹ ያጥራሉ።

ይህን ባለማወቅ የሚመጣው ስህተት ከሁሉም ይከፋል፦ ቆሟል ብሎ የዲስኩን ኬብል መንቀል። እባካችሁ አትንቀሉ። አንድ የሰርግ ፎቶ አንሺ በሦስት ቀን ሦስት ጊዜ እያቋረጠ እንደገና ጀመረ። በመጨረሻው የዲስኩ መብራት ብልጭ ድርግም እያለ ነቀለው። መልሶ ሲሰካው ዊንዶውስ «ፎርማት ካልተደረገ አይከፈትም» አለው። ደግነቱ እሺ አላለም፤ ወደ እኔ ሮጠ። ሁለት ቀን ሙሉ ተቀምጠን አብዛኛውን ፎቶ አወጣነው፤ የፎልደሮቹ ስም ግን ስለጠፋ የትኛው የማን ሰርግ እንደሆነ የሙሽሮቹን ፊት እያየ ነው የለየው።

ፐርሰንቱን አትመኑት። አንድ የ2 ጊጋባይት ቪዲዮ ሳይቸገር ያልፋል፤ ያንኑ ያህል የሚመዝኑ ሃምሳ ሺህ ትንንሽ ፋይሎች ግን እያንዳንዳቸው ተከፍተው፣ ተጽፈውና ተመዝግበው ስለሚያልፉ ቁጥሩን አንድ ቦታ ገትረው ያቆዩታል። ዊንዶውስ ላይ ታስክ ማናጀር ከፍታችሁ ፐርፎርማንስ ውስጥ ዲስኩን ተመልከቱ፤ ማክ ላይ ደግሞ አክቲቪቲ ሞኒተር ውስጥ ዲስክ የሚለውን። የሚነበበውና የሚጻፈው ቁጥር ከተንቀሳቀሰ ሥራው እየሄደ ነው። ለአንድ ሰዓት ያህል ዜሮ ላይ ከተኛ፣ ያኔ ከፕሮግራሙ ራሱ አስቁሙት፤ ዲስኩን ኢጀክት አድርጋችሁ (ኮምፒውተሩ በደህና እንዲለቀው አዝዛችሁ) ንቀሉ።

የማክ ሰዎች፣ ታይም ማሽን (የማክ የራሱ ባክአፕ ፕሮግራም) የአሮጌውን ማክ ባክአፕ ይቀጥል እንደሆነ ሲጠይቃችሁ ሳታነቡ አትለፉት።

ሌላው ኬብል ነው፤ እዚህ ላይ እኔም ተሳስቻለሁ። ብዙዎቹ አዳዲስ ላፕቶፖች ታይፕ ሲ ስለሆኑ ሰው እጁ ላይ ያገኘውን የስልክ ቻርጀር ኬብል ይሰካል። ጫፉ ይገጥማል፤ ውስጡ ግን አብዛኛውን ጊዜ ዩኤስቢ 2 ነው፦ በወረቀት ላይ በሰከንድ 480 ሜጋቢት፣ በተግባር ከ35 እስከ 40 ሜጋባይት። 500 ጊጋባይት በዚህ አካሄድ ቢያንስ አራት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል፤ ትንንሽ ፋይል ከበዛ ደግሞ ሌሊቱ አይበቃውም። እኔ ዲስኩ ሊሞት ነው ብዬ ሁለት ምሽት ስመረምረው ቆይቼ፣ ከካርቶኑ ውስጥ ያለውን የራሱን ኬብል ስሰካለት ፍጥነቱ ወዲያው ከ100 ሜጋባይት አለፈ። ዲስኩ ይዞት የመጣውን ኬብል ተጠቀሙ። ማውስና ፍላሽ በተደረደሩበት ሀብ (አንዱን የዩኤስቢ ቀዳዳ ለብዙ በሚያካፍለው ማከፋፈያ) ላይ ሳይሆን በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ሰኩት።

ክዳኑን ዘግቶ መተኛትም አለ። ላፕቶፑ ስሊፕ ሲያደርግ አብዛኛውን ጊዜ ባክአፑም አብሮ ይተኛል። ቻርጀር ላይ ሰክታችሁ ስሊፕን ለዚያ ሌሊት አጥፉት። ዴስክቶፕ ከሆነ ደግሞ ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን ለጊዜው የሚያቆይ ባትሪ) አትጀምሩ፤ መብራት መቼ እንደሚሄድ አይታወቅም።

አዲስ ዊንዶውስ ስታስነሱ ዋንድራይቭ (የማይክሮሶፍት የኢንተርኔት ማስቀመጫ፣ «ደመና» የሚባለው) ዴስክቶፕና ዶክመንትስን ራሱ ወደ ኢንተርኔት መላክ ሊጀምር ይችላል። ነፃው ቦታ 5 ጊጋባይት ነው፤ ሲሞላ ይቆማል። የጉግል 15 ጊጋባይት ነው፤ እሱንም ጂሜይልና ፎቶ ይጋሩታል። ቦታ ብትገዙ እንኳ፣ በሰከንድ 5 ሜጋቢት በሚልክ መስመር 500 ጊጋባይት ከዘጠኝ ቀን በላይ ይፈጃል። በሞባይል ዳታ አትሞክሩት። የመጀመሪያውን ዙር ዲስክ ላይ ጨርሱ፣ ደመናው በኋላ ይደርሳል። አጠገቡ የደመና ምልክት ያለበት ፋይል ላፕቶፑ ላይ የለም፤ ስሙ ብቻ ነው ያለው። ባክአፑ እሱ ጋ ሲደርስ ወይ እስኪወርድ ይጠብቃል ወይ ዘሎት ያልፋል። አስቀድማችሁ አውርዱት።

አሮጌ ዲስክ ፎርማት የተደረገበት ዓይነት ፋት 32 ከሆነ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ፋይል አይቀበልም፤ ረጅም ቪዲዮ ላይ የሚቆመው ብዙ ጊዜ ለዚህ ነው።

በጣም ፈጥኖ ያለቀውንም ጠርጥሩ። አዲሱ ላይ የተጠቃሚው ስም ከተቀየረ ፕሮግራሙ አሁን የሌለ የድሮ ፎልደር እየፈለገ ሊሆን ይችላል።

ይህ ሁሉ ሳያልቅ አሮጌውን ኮምፒውተር አትሽጡ፤ ለታናሽ ወንድምም ቢሆን አትስጡ። ዲስኩን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰኩትና ከባክአፑ ውስጥ አንድ የቆየ ሰነድ፣ አንድ ፎቶና አንድ ረጅም ቪዲዮ ክፈቱ። ቪዲዮውን እስከ መጨረሻው አስኪዱት።