ወደ ሜጀር ሊግ የሚያመራን ወጣት ካቸር እንዴት መከታተል ይቻላል?

በቤዝቦል ከዘጠኙ የሜዳ ተጫዋቾች ስምንቱ ፊታቸውን ወደ መቺው አዙረው ሲቆሙ፣ ካቸሩ ግን ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ብሎ መላውን ሜዳ ከፊት ለፊቱ ያያል። በአንድ ጨዋታ ከመቶ በላይ ኳስ ይቀበላል፤ ወርዋሪው ቀጥሎ ምን ዓይነት ኳስ እንዲወረውር ይጠቁማል፤ መሬት ነክቶ የሚመጣውን ኳስ በደረቱ ያግዳል፤ ቤዝ (ሯጩ በየተራ የሚረግጣቸው የሜዳው ማዕዘናት) ለመስረቅ፣ ማለትም ኳሱ ሳይመታ ወደሚቀጥለው ቤዝ ለመድረስ፣ የሚሮጠውን ተጋጣሚ በውርወራ ያስቀራል። ይህን ሁሉ እየሠራ፣ ተራው ሲደርስ ደግሞ ዱላ ይዞ መምታት ይጠበቅበታል። በዜና ላይ የሚወራለት ግን አብዛኛውን ጊዜ ይህ የመጨረሻው ሥራው ብቻ ነው። ስለዚህ ወደ ላይ በመውጣት ላይ ያለን ወጣት ካቸር መከታተል የሚፈልግ ሰው፣ ሌሎችን ተጫዋቾች ከሚመዝንበት የተለየ መመዘኛ ያስፈልገዋል።

ለአብነት የባልቲሞር ኦሪዮልስ ክለቡን ካቸር ሳሙኤል ባሳዮን እወስዳለሁ። እሱን የመረጥሁት መንገዱ ከታች እስከ ላይ በግልጽ የሚታይ ስለሆነ ነው፤ በዋሽንግተን፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለሚኖር አማርኛ አንባቢ ደግሞ ያለፈባቸው ሜዳዎች በመኪና የሚደረስባቸው ናቸው። (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ዕድሜውንና ደረጃውን አብረው ይመዝግቡ

ሜጀር ሊግ በሰሜን አሜሪካ ከፍተኛው የቤዝቦል ውድድር ነው፤ ማይነር ሊግ ደግሞ ተጫዋቾች ወደዚያ የሚያድጉበት ዝቅተኛው ደረጃ ነው። እያንዳንዱ የሜጀር ሊግ ክለብ ሙሉ የውድድር ዘመን የሚጫወቱ አራት የማይነር ሊግ ቡድኖች በሥሩ አሉት፤ ክለቦቹ 30 ስለሆኑ ቡድኖቹ 120 ይደርሳሉ። ደረጃዎቹ ከታች ወደ ላይ ሲቆጠሩ ሲንግል ኤ፣ ሃይ ኤ፣ ደብል ኤ እና ትሪፕል ኤ ይባላሉ። ከእነዚህ በታች በፍሎሪዳና በአሪዞና የሚካሄዱ የጀማሪዎች ሊጎች፣ ከዚያም በታች የዶሚኒካን ሪፐብሊክ የበጋ ሊግ ይገኛሉ። አሜሪካዊ ወጣት ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን በየተራ በሚመርጡበት፣ በየዓመቱ በሚካሄደው ድራፍት ይመለመላል፤ የላቲን አሜሪካ ልጅ ግን ገና በ16 ዓመቱ ከክለብ ጋር በቀጥታ ሊፈራረም ይችላል።

ባሳዮ ኦገስት 13 ቀን 2004 በሳንቶ ዶሚንጎ ተወለደ፤ በጃንዋሪ 2021፣ በ16 ዓመቱ፣ ከኦሪዮልስ ጋር በ1.3 ሚሊዮን ዶላር ተፈራረመ። የመጀመሪያውን ዓመት በአገሩ ሊግ፣ ሁለተኛውን በፍሎሪዳ አሳለፈ። በ2023 ደግሞ ምሥራቃዊ ሜሪላንድ ካለው የዴልማርቫ ቡድን ተነሥቶ በአበርዲን በኩል ቦዊ ድረስ ሦስት ደረጃዎችን በአንድ የውድድር ዘመን ወጣ፤ የመምታት አማካዩ (ከመምታት ሙከራዎቹ የተሳኩለት ድርሻ) .313 ሲሆን 20 ሆም ረን (መቺው ሁሉንም ቤዞች ዞሮ ነጥብ የሚያስቆጥርበት፣ አብዛኛውን ጊዜ ከሜዳው የሚወጣ ምት) መትቷል። በኖርፎክ የትሪፕል ኤ ሜዳ ካለፈ በኋላም ኦገስት 17 ቀን 2025፣ 21 ዓመት በሞላው በአራተኛው ቀን፣ በሂውስተን የመጀመሪያውን የሜጀር ሊግ ጨዋታ አደረገ።

ይህን የመሰለ ፍጥነት ለካቸር ብርቅ ነው። የካንሳስ ሲቲው ሳልቫዶር ፔሬዝ በ2006 ፈርሞ ሜጀር ሊግ የደረሰው በ2011 ነው፤ እሱም ቢሆን ቀድሞ ከደረሱት ይቆጠራል። ስለዚህ በማስታወሻዎ ላይ የተጫዋቹን ቁጥሮች ከመጻፍዎ በፊት ስንት ዓመቱ እንደሆነና በየትኛው ደረጃ እንደሚጫወት ይጻፉ። በ19 ዓመቱ ደብል ኤ ላይ መጠነኛ ውጤት ያለው ካቸር፣ በ23 ዓመቱ ሲንግል ኤ ላይ ሁሉን ከሚበልጠው ካቸር ይልቅ ተስፋ ይጣልበታል። ደብል ኤ በተለይ ትኩረት ይገባዋል፤ እዚያ ያሉት ወርዋሪዎች በፍጥነት ብቻ ሳይሆን በዕቅድ ስለሚወረውሩ፣ የካቸሩ የማሰብ ችሎታ የሚፈተንበት የመጀመሪያው ቦታ እሱ ነው ብዬ አምናለሁ።

ዓይንዎ ኳሱን ሳይሆን ጓንቱን ይከተል

በአቅራቢያዎ የማይነር ሊግ ሜዳ ካለ ሄደው ይመልከቱ፤ ከቻሉም ከሆም ፕሌት (መቺው አጠገቡ ከሚቆምበት ሰሌዳ) ጀርባ ያለውን መቀመጫ ይያዙ። ቦዊ ከዋሽንግተን ሩቅ አይደለችም፣ መግቢያውም ከሜጀር ሊግ ጋር ሲነጻጸር ርካሽ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ኢኒንጎች (የጨዋታው ዙሮች) መቺውን ይርሱትና የካቸሩን ግራ እጅ ብቻ ይመልከቱ።

ወርዋሪው የሚቆመው ከሆም ፕሌት 18.44 ሜትር ርቆ ነው፤ በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር የሚበር ኳስ ይህን ርቀት የሚጨርሰው በግማሽ ሰከንድ እንኳ አይደለም። ሆም ፕሌቱ ወርዱ 43 ሴንቲ ሜትር ነው። ኳሱ በዚያ ወርድ ላይ፣ በመቺው ጉልበትና ደረት መካከል ካለፈ ስትራይክ ነው፣ ለወርዋሪው ይቆጠራል፤ ካልሆነ ቦል ነው፣ ለመቺው ይቆጠራል። ጫፉን ነክቶ የሚያልፈው ኳስ ግን ለዳኛው ዓይን አሻሚ ነው፤ የካቸሩ ጥበብም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ጥሩ ካቸር ዝቅ ብሎ ለሚመጣ ኳስ ጓንቱን አስቀድሞ ወደ መሬት ያወርድና ኳሱን ከታች ወደ ላይ እያነሣ ይቀበለዋል፤ ኳሱ ጓንቱ ውስጥ ሲገባ እጁ ወደ ስትራይኩ ክልል እየተመለሰ ነው። ጥሬው ካቸር ግን ጓንቱን ከላይ ወደ ታች ስለሚልክ፣ ኳሱ በኃይሉ እጁን ይዞት ይወርዳል፤ ስትራይክ የነበረውም ቦል ይመስላል። እንቁላል እንደሚቀበል ሰው ልል ያለ እጅ ሲያዩ ያንን ልጅ ስሙን ይያዙት። ይህ ሙያ ፍሬሚንግ ይባላል። አንድ ኳስ ላይ የሚያስገኘው ጥቅም ኢምንት ቢሆንም፣ በሺህ የሚቆጠሩ ኳሶች ላይ ሲደመር ጨዋታ ያሸንፋል።

ዛሬ አብዛኞቹ ወጣት ካቸሮች አንድ ጉልበታቸውን መሬት አስነክተው ይቀመጣሉ። የድሮውን አቀማመጥ የለመደ ተመልካች ስንፍና ሊመስለው ይችላል፤ ነገር ግን ዝቅተኛውን ኳስ ለመቀበል የሚረዳው ይህ ነው። ዋጋ የሚያስከፍለው ኳሱ መሬት ሲመታ ነው። በዚያች ቅጽበት ጓንቱ ሁለቱን እግሮች መካከል መዝጋቱን፣ ትከሻዎቹ ወደ ፊት መጎበጣቸውን፣ አገጩም ደረቱ ላይ መለጠፉን ይመልከቱ። በሚገባ የታገደ ኳስ ደረት መትቶ ከፊቱ አንድ እርምጃ ርቀት ላይ ይሞታል። በትክክል ያልታገደው ወደ ጎን ይፈናጠራል፤ ቤዝ ላይ ያለው ሯጭም ያለ ውርወራ አንድ ቤዝ ያልፋል። ኳሱን በጓንቱ ለመጥለፍ ብቻ የሚሞክር ካቸር ካዩ ገና ብዙ ሥራ ይቀረዋል።

ከ2026 ጀምሮ በዚህ ላይ አዲስ ነገር ተጨምሯል። በሜጀር ሊግ የዳኛው ውሳኔ በካሜራ በሚሠራ ሥርዓት እንዲጣራ መጠየቅ የሚችሉት መቺው፣ ወርዋሪውና ካቸሩ ብቻ ናቸው፤ ጥያቄውም ከተቀመጡት አሠልጣኞች ምክር ሳይጠየቅ፣ ወዲያውኑ በራስ ላይ ያለን ቆብ ወይም የራስ ቁር በመንካት ይቀርባል። እያንዳንዱ ቡድን ጨዋታውን የሚጀምረው በሁለት ዕድል ሲሆን፣ ጥያቄው ትክክል ሆኖ ከተገኘ ዕድሉ አይቀነስም። የስትራይኩን ክልል ጠንቅቆ የሚያውቅ ካቸር ለቡድኑ ሀብት ነው፤ በስሜት የሚጠይቀው ደግሞ ገና በሦስተኛው ኢኒንግ ቡድኑን ባዶ እጁን ሊያስቀር ይችላል። በትሪፕል ኤ ሥርዓቱ ከ2023 ጀምሮ ስለሚሠራበት፣ ልጁ ሜጀር ሊግ ከመድረሱ በፊት ስንት ጊዜ ጠይቆ ስንት ጊዜ እንደተሳካለት መቁጠር ይችላሉ። ፍሬሚንግ በዚህ ምክንያት አበቃለት የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን አልስማማም፤ ጥያቄው ውስን እስከሆነ ድረስ አብዛኛውን ኳስ የሚፈርደው ዛሬም የዳኛው ዓይን ነው።

በቁጥር የማይገኝም አለ። ኢኒንጉ ሲያልቅ ካቸሩ ከወርዋሪው ጋር እየተነጋገረ ነው የሚወጣው ወይስ ብቻውን? ወርዋሪው ሁለት መቺዎችን በተከታታይ፣ በአራት በአራት ቦል፣ በነጻ ወደ አንደኛ ቤዝ ካሳለፈ በኋላ ካቸሩ ሄዶ ያናግረዋል? ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ ወይም ከቬኔዝዌላ ለመጣ የ18 ዓመት ልጅ ይህ ማለት በአዲስ ቋንቋ፣ በዕድሜ የሚበልጠውንና የተናደደውን ሰው ማረጋጋት ነው። በዚህ በኩል የሚደረገውን ጥረት ሳይ አድናቆቴ ከሆም ረኑ በላይ ነው።

በስልክዎ ጊዜ ይለኩ

ከሆም ፕሌት እስከ ሁለተኛው ቤዝ 38.8 ሜትር ነው። ሯጩ ለመስረቅ ሲነሣ፣ ኳሱ ካቸሩ ጓንት ውስጥ ሲገባ ድምፁን ሰምተው የስልክዎን ሰዓት ያስነሡ፤ ሁለተኛው ቤዝ ላይ ያለው ተጫዋች ጓንት ውስጥ ሲገባ ያቁሙት። በሜጀር ሊግ ያለው አማካይ 2 ሰከንድ ገደማ ነው፤ 1.9 እና ከዚያ በታች እጅግ ጥሩ ነው። የሜዳ ውስጥ ልኬት ስሕተት ስለሚኖረው በአንድ ውርወራ አይፍረዱ። ክንዱን ብቻም አይመልከቱ፤ ጊዜው ብዙውን ጊዜ የሚባክነው ኳሱን ከጓንት ወደ ቀኝ እጅ በማዛወርና እግርን በማስተካከል ላይ ነው።

የተሰረቁበትን ቤዞች ብዛት አይቶ ካቸሩን መውቀስ ግን ፍትሕ አይደለም። ወርዋሪው ኳሱን ለመልቀቅ ከዘገየ ማንም ክንድ ሯጩን አይደርስበትም። በ2023 ቤዞቹ ከ38 ወደ 46 ሴንቲ ሜትር ስለሰፉና ወርዋሪው ሯጩን ለማስፈራራት የሚወረውርበት ጊዜ ስለተገደበ፣ በሜጀር ሊግ የተሰረቁት ቤዞች በ2022 ከነበሩት 2,486 ወደ 3,503 አሻቅበዋል። የካቸሮቹ ክንድ በአንድ ክረምት አልደከመም።

ዱላውን በትዕግሥት ይመዝኑ

ካቸር በመምታት ዘግይቶ መብሰሉ የተለመደ ነው፤ ጉልበቱ፣ ጣቶቹና ሐሳቡ የሚደክሙት በሌላው ሥራ ነው። የሲያትሉ ካል ራሊ በ2018 በድራፍቱ ሦስተኛ ዙር ተመርጦ በጁላይ 2021 ሜጀር ሊግ ሲገባ፣ በዚያው ዓመት የመምታት አማካዩ .180 ብቻ ነበር። ይኸው ሰው በ2024 በመከላከል የፕላቲነም ጓንት ሽልማት ወሰደ፤ በ2025 ደግሞ 60 ሆም ረን መትቶ የካቸሮችን ክብረ ወሰን ሰበረ።

ባሳዮም በ2025 ኖርፎክ ላይ በ76 ጨዋታ 23 ሆም ረን ካዘነበ በኋላ፣ በሜጀር ሊግ የመጀመሪያዎቹ 31 ጨዋታዎች አማካዩ .165 ሆነ። በዚያው ወቅት ግን ሴፕቴምበር 5 ቀን የሎስ አንጀለሱን ዶጀርስ 2 ለ 1 ያሸነፉበትን የመጨረሻ ሆም ረን የመታው እሱ ነው። በእንዲህ ያለ አጭር ጊዜ አማካዩን ይተዉትና ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ ኳሱን ሲያገኘው በኃይል ይመታዋል? ከክልሉ ውጭ የሚያልፈውንስ ይተወዋል? ቤዝቦል ሳቫንት የተባለው ነጻ ድረ ገጽ ለሁለቱም ጥያቄ መልስ አለው፤ የትሪፕል ኤ መረጃም ያቀርባል።

ዱላ እጅግ ሲበረታ ሌላ ፈተና ያመጣል። ብራይስ ሃርፐር በ2010 በድራፍቱ አንደኛ ሆኖ በዋሽንግተን ናሽናልስ ሲመረጥ ካቸር ነበር። ክለቡ ግን ጉልበቱን ለማትረፍና ቶሎ ለማድረስ ወደ ውጭው ሜዳ አዛወረው፤ ሜጀር ሊግም በ19 ዓመቱ ገባ። ቁመቱ 1.93 ሜትር የሆነው ባሳዮም ይህ ጥያቄ ይከተለዋል። በ2024 መጀመሪያ በክርኑ ላይ የደረሰበት የአጥንት ስንጥቅ ለጊዜው ከመወርወር አግዶት ነበር፤ በየዓመቱም የተወሰኑ ጨዋታዎችን በአንደኛ ቤዝ ላይ ወይም በመምታት ብቻ ያሳልፋል። እኔ ካቸር ሆኖ እንዲቀር እመኛለሁ፤ እንዲህ ያለ ዱላ በዚያ ቦታ ላይ በቀላሉ አይገኝምና።

ከፊቱ ያለውን ሰው አይርሱ

ልጁ ምንም ያህል ቢዘጋጅ፣ ክለቡ አስቀድሞ ጥሩ ካቸር ካለው መንገዱ ይጠብበታል። ኦሪዮልስ በ2019 ድራፍት በአንደኝነት የመረጡት አድሊ ረችማን 8.1 ሚሊዮን ዶላር የፊርማ ገንዘብ ወስዶ፣ በወረርሽኙ ምክንያት የ2020 የማይነር ሊግ ውድድር ቢሰረዝበትም፣ ሜይ 21 ቀን 2022 ሜጀር ሊግ ገብቷል። በ2021 110 ጨዋታ የተሸነፈው ክለብ በ2022 83፣ በ2023 ደግሞ 101 ጨዋታ አሸነፈ። ይህን ሁሉ ያደረገው እሱ ብቻውን ባይሆንም፣ ባሳዮ ቦታውን የሚሻማው ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር ነው። ክለቡም ቢሆን ባሳዮን ሜጀር ሊግ በገባ በቀናት ውስጥ ከ2026 ጀምሮ በሚታሰብ የስምንት ዓመት የ67 ሚሊዮን ዶላር ውል አስሮታል።

ስለዚህ የወጣቱን ካቸር ስም በሜጀር ሊግ ዝርዝር ላይ ካዩ በኋላ፣ በየሳምንቱ መጨረሻ የጨዋታ ዘገባዎቹን ከፍተው ከተሰለፈባቸው ጨዋታዎች ስንቱን ከሆም ፕሌት ጀርባ እንደጀመረ ይቁጠሩ። ከዚያ የትኞቹ ወርዋሪዎች በወጡበት ቀን እንደተሰለፈ ያመሳክሩ። የቡድኑ ዋነኛ ወርዋሪ በሚወጣበት ቀን፣ በተለይም በሴፕቴምበር ውጤቱ ወሳኝ በሆነበት ጊዜ፣ ጭንብሉን እንዲያጠልቅ የሚታዘዘው እሱ ከሆነ፣ አሠልጣኞቹ ስለ ጓንቱ የሰጡትን ፍርድ ከማንኛውም ሠንጠረዥ በፊት አውቀውታል ማለት ነው።