ስለ ብሪክስ ስታወሩ እነዚህን ስህተቶች ተዉ

የብሪክስ (ብራዚል፣ ሩሲያ፣ ሕንድ፣ ቻይና፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ኋላም ኢትዮጵያን ጨምሮ ሌሎች አገሮች የተሰባሰቡበት ቡድን) ወሬ በተነሳ ቁጥር ያው ስህተት ይደገማል። (ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠራው።)

አንደኛው፣ ብሪክስን እንደ አውሮፓ ኅብረት ማየት ነው። መመሥረቻ ውል የለውም፣ ቋሚ ጽሕፈት ቤትም የለውም፤ ሊቀመንበርነቱ በየዓመቱ ይዞራል። ስሙ እንኳ የመጣው በ2001 ጂም ኦኒል የተባለ የአሜሪካው ባንክ የጎልድማን ሳክስ ኢኮኖሚስት ከጻፈው ጽሑፍ ነው፤ መሪዎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ በጉባኤ ተሰብስበው የመከሩት ከዚያ በኋላ፣ በ2009 ሩሲያ ውስጥ የካተሪንበርግ ላይ ነው። ስለዚህ «አባል ሆንን፣ ቀረጥ ቀረልን» የሚላችሁን አትስሙት።

ባንኩና አባልነቱም ይምታታሉ። የብሪክስ አገሮች ያቋቋሙት፣ ሻንጋይ ያለው አዲሱ የልማት ባንክ የራሱ ባለድርሻዎች አሉት። ባንግላዴሽ የብሪክስ አባል ሳትሆን የባንኩ አባል ናት። ደግሞ ባንኩ የሚሰጠው ብድር ነው፣ ይከፈላል።

ከሁሉም የሚገርመኝ «ዶላር አበቃለት» የሚለው ነው። በራስ ገንዘብ መገበያየት አለ፣ እውነት ነው። ግን አንዱ ብዙ ሸጦ ትንሽ ሲገዛ ምን እንደሚፈጠር ሩሲያን ጠይቁ፤ በ2023 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሯ ላቭሮቭ ሕንድ ባንኮች ውስጥ በቢሊዮን የሚቆጠር ሩፒ (የሕንድ ገንዘብ) እንደተጠራቀመና ልንጠቀምበት ከሆነ ወደ ሌላ ገንዘብ መቀየር አለበት ብለው በይፋ ተናግረዋል። ሕንድ ለሩሲያ የምትሸጠው ከእሷ ከምትገዛው በጣም ያንሳልና ሩፒው መውጫ አጣ። የጋራ ገንዘብ ደግሞ እስካሁን የለም።

ባህልን የመክፈቻ ጭፈራ አድርጎ ማየትስ? በ1955 ኢንዶኔዥያ ውስጥ ባንዱንግ ላይ 29 የእስያና የአፍሪካ አገሮች ያወጡት መግለጫ ከኢኮኖሚ ትብብር ቀጥሎ ያስቀመጠው የባህል ትብብርን ነበር። ትስስሩም በብሪክስ አልተጀመረም። ከ1860 ጀምሮ ሕንዳውያን ለሸንኮራ እርሻ በኮንትራት ወደ ዛሬዋ ደቡብ አፍሪካ፣ ደርባን አካባቢ ተወስደዋል፤ ብራዚል ደግሞ በባርነት የተወሰዱ አፍሪካውያን ልጆች አገር ስለሆነች በ2003 የአፍሪካና የአፍሮ ብራዚላውያን ታሪክ በትምህርት ቤት እንዲሰጥ በሕግ ደንግጋለች። እኔን ብትጠይቁኝ ከአሥር ፌስቲቫል የተማሪዎች ቪዛ ማቅለል ይሻላል።

በመጨረሻ፣ ሁሉም አንድ ልብ ናቸው ብላችሁ አታስቡ። አርጀንቲና በ2023 ተጋብዛ፣ መንግሥት ሲቀየር አልፈልግም አለች። የቻይናና የሕንድ ወታደሮች በ2020 ድንበራቸው ላይ ባለው ጋልዋን ሸለቆ ውስጥ ተጋድለዋል፤ ንግዳቸው ግን አልቆመም።