ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው የሚኖርበትን ችግረኛ ቤት ስንረዳ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ይህ ጽሑፍ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ለሚመደቡ የሳይካትሪ ነርሶች፣ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችና ለማኅበራዊ ሠራተኞች የተዘጋጀ ነው። የስኪዞፍሬንያን (ሌላው የማይሰማውን ድምፅ መስማትንና ከእውነታ መራቅን የሚያስከትለውን ከባድ የአእምሮ ሕመም) ምልክቶች መለየትንም ሆነ የመድኃኒት መጠን መወሰንን ከትምህርት ቤት ይዛችሁ ስለምትመጡ እዚያ ላይ አልቆይም። እዚህ የሚነሡት ስህተቶች ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚመነጩት፣ ባለሙያው የሚያዝዘው እያንዳንዱ ነገር በቤተሰቡ ላይ የሚያስከትለውን ወጪ ሳያሰላ በማዘዙ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስቆጣኝ በካርድ ላይ «መድኃኒቱን በአግባቡ አይወስድም» ብሎ ጽፎ ማለፍ ነው። ይህች አጭር ዐረፍተ ነገር ጥፋቱን በሙሉ በታማሚው ላይ ትጥላለች፤ በቤቱ ምን እንደሚበላ ግን የጠየቀ የለም። ለዚህ ሕመም የሚሰጡት ክሎርፕሮማዚንና ኦላንዛፒን የምግብ ፍላጎትን እንደሚጨምሩ ሁላችንም ተምረናል፤ በቀን ሁለት ጊዜ መመገብ በሚቸግርበት ቤት ይህ ምን እንደሚያስከትል ግን የሚያስብ ጥቂት ነው። ታማሚው ሌሊት በረሀብ ይነሣል፣ ለልጆቹ ቁርስ የተቀመጠውን ይበላል፣ ጠዋት ጠብ ይነሣል፣ ከዚያም እርሱ ራሱ ወይም አስታማሚው ኪኒኑን መተው ይሻላል ብለው ይወስናሉ። ቤተሰቦች «ይህ መድኃኒት ምግብ ይፈልጋል» ሲሉ እንደ አጉል እምነት ቆጥረው ፈገግ የሚሉ ባልደረቦች አጋጥመውኛል። በቡታጅራ አካባቢ ስኪዞፍሬንያ ያለባቸው ሰዎች መድኃኒት ለምን እንደሚያቋርጡ በተጠና ጊዜ በዋነኛነት የተጠቀሰው ምክንያት ይኸው ነበር፤ መድኃኒቱ የሚቀሰቅሰውን የምግብ ፍላጎት የሚመጥን ምግብ አለመኖሩ።

አንዲት እናት ጎተራቸው ባዶ በሚሆንበት በክረምት ወራት የልጃቸውን ኪኒን በግማሽ እየቆረጡ ይሰጡት ነበር፤ እህል ሲገባ ደግሞ ወደ ሙሉው ይመልሱታል። በካርዱ ላይ በየዓመቱ ነሐሴ ገደማ «አገረሸበት» የሚል ይነበባል፤ ሆኖም ወሩ ለምን እንደሚደጋገም የጠየቀ ባለሙያ አልነበረም። በመጨረሻ ሲጠየቁ መልሳቸው «ሙሉውን ሰጥቼው ምን ላብላው?» የሚል ነበር። አጠያየቁም ቢሆን ጥንቃቄ ይፈልጋል። «ምግብ አላችሁ ወይ?» ብሎ የጠየቀ ሰው «ተመስገን» ከሚል በቀር ሌላ መልስ አያገኝም፤ በእንግዳ ፊት ማጣትን መናገር ነውር ነውና። ትናንት ማታ ምን እንደተበላ፣ ከዚያም ለማን እንደቀረ መጠየቅ ይሻላል። መልሱ ከታወቀ በኋላ መድኃኒቱን ከራት ጋር ወደ መኝታ ሰዓት ማዞር፣ የምግብ ፍላጎትን እምብዛም ወደማይጨምር ሌላ መድኃኒት፣ ለምሳሌ ወደ ሃሎፔሪዶል፣ መቀየር ወይም በየወሩ የሚሰጠውን መርፌ መሞከር ይቻል እንደሆነ ከሐኪሙ ጋር መመካከር ይገባል። ሃሎፔሪዶልም ሆነ ይህ መርፌ እጅና እግርን ሊያደርቅ ስለሚችል፣ ማጭድ ለሚይዝና ሞፈር ለሚጨብጥ ሰው ይህም ራሱን የቻለ ወጪ መሆኑ አይዘንጋ። ክሎርፕሮማዚን የሚወስደው ሰው ቀኑን ሙሉ በፀሐይ የሚውል ከሆነ ቆዳው እንደሚቃጠልም ቀድሞ ይነገረው።

ሌላው ስህተት ጉልበት ያለውን ሁሉ መሥራት የሚችል አድርጎ መቁጠር ነው። ሴፍቲኔት (የምግብ እጥረት ያለባቸው ቤቶች የሚታገዙበት የመንግሥት ፕሮግራም) በ1997 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ አቅም ያለው በማኅበረሰብ ሥራ፣ አቅም የሌለው በቀጥታ ድጋፍ ይታቀፋል። ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበት ወጣት ሲታይ ደልደል ያለ ስለሆነ የቀበሌው ኮሚቴ ድንጋይ ከሚሸከሙት ጋር ይመዘግበዋል፤ እርከን ሥራው ላይ ሲቀር ደግሞ ሰነፍ ይባላል። ኮሚቴው ሕመሙን ከፊቱ ሊያነብ አይችልም፤ ስለዚህ ማስረጃውን ጽፎ መስጠትና አስፈላጊ ከሆነም ስብሰባው ላይ ተገኝቶ ማስረዳት የባለሙያው ድርሻ ነው። ደቦና ወንፈልም በዚሁ መንገድ ይጠፋሉ፤ የሰው ጉልበት ተቀብሎ መመለስ ያልቻለ ቤት በሚቀጥለው ዓመት የሚጠራው የለም፣ መሬቱም ለእኩል አራሽ ይሰጣል።

ሰንሰለት አይቶ ቤተሰብን መገሠጽ ምንም አይጠቅምም። በጉራጌ አካባቢ በምትገኘው በሶዶ ወረዳ ታማሚዎቻቸውን ያሰሩ ቤተሰቦች ሲጠየቁ ካነሡት ምክንያት መካከል የሕክምና አቅም ማጣትና ጠባቂ ሰው አለመኖር ይገኙበታል። ሁሉም ወደ እርሻ ሲሰማራ ማን እንደሚጠብቀው ሳይታቀድ ፍቱት ማለት ባለሙያው ከግቢ እስኪወጣ ድረስ ብቻ ይሠራል። ሰንሰለቱ መውለቅ አለበት፤ የሚወልቀው ግን ሕክምናው ሲጀመርና ጎረቤት፣ ዘመድ ወይም እድር በተራ አብሮት ሲውል ነው።

ከጸበል ጋር መጣላትም ይቅር፤ ኪኒኑንና ጸበሉን አብሮ ማስኬድ ይቻላል፤ ከጸበልተኛው ጋር የሚሄደው አስታማሚ ስንቅና መድኃኒት አብሮ እንዲይዝ መንገር በቂ ነው።

ሳሉን አዳምጡ፤ የአካል ሕመሙንም አትርሱ። በቡታጅራ 919 ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ለ10 ዓመታት ክትትል ሲደረግላቸው 121 ያህሉ ሞተዋል፤ ዕድሜያቸው ሲሰላ በ30 ዓመት ገደማ ያጠረ ሲሆን፣ ከሞቱት ግማሽ የሚጠጉትን የገደለው ተላላፊ በሽታ ነው። ስለ ትኩሳቱ የሚናገር ታማሚ «ድምፅ ይሰማኛል» ከሚለው ንግግሩ ጋር ተደባልቆ ሳይመረመር ይመለሳል፤ ይህ ሰበብ የሌለው ስንፍና ነው።

ቀጠሮን በገበያ ቀን መስጠት ደግሞ እንደየአገሩ ይለያያል። አንዳንዱ ቤት በዚያ ቀን የሚሸጠውን ይዞ ስለሚመጣ አንድ የመኪና ሂሳብ ለሁለት ጉዳይ ይበቃዋል፤ ለሌላው ደግሞ የወሩ ገቢ የሚገኝበት ቀን ነው። ቤተሰቡን ጠይቆ መወሰን ደቂቃ አይፈጅም።

በመጨረሻም ምልክቱ ሲጠፋ ሥራችን ያበቃ ይመስለናል። የተሻለው ሰው ግን ብዙውን ጊዜ በሕመሙ ዘመን ለሌላ የተሰጠው መሬቱ ከወንድሙ ወይም ከእኩል አራሹ እጅ እንዳለ ያገኘዋል፤ ቤተሰቡም «እንዳያገረሽበት» በሚል ደግነት ገንዘብም በሬም አያስነካውም። ስለዚህ ቀጠሮውን ከማራዘማችን በፊት የይዞታ ደብተሩ በማን ስም እንዳለ፣ ዘንድሮ ማን እንዳረሰውና ምርቱ እንዴት እንደተከፈለ ታማሚውን ራሱን፣ አስታማሚው ባለበትም በሌለበትም፣ እንጠይቅ። የእርሻ ውል የሚታሰረው ከዘር በፊት በመሆኑ ይህ ጥያቄ በበጋ መነሣት አለበት፤ ክረምት ከገባ በኋላ ቢነሣ ሰውየው ሌላ ዓመት ሙሉ የሰው እጅ ሲያይ ይቆያል።